ቆብና ሥርዐት፤ ስለ «ዘ ሞንክስ» የሙዚቃ ጓድ

ቆብ መድፋት ብቻውን ሰውን መነኵሴ እንደማያደርግ በአገራችን የታወቀ ነው። ምንኵስና ከልብስና ከስም በላይ የሚጠበቅ ሥርዐትና ያን ሥርዐት ተቀብሎ የሚያጸና ማኅበር ይፈልጋል። በ1964 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጀርመን የተመሠረተው፣ በኋላም «ዘ ሞንክስ»፣ ማለት «መነኮሳቱ» የተባለው የአሜሪካውያን የሙዚቃ ጓድ በዚሁ ሚዛን ሊመረመር ይገባዋል።

አምስቱ ሙዚቀኞች፣ ጋሪ በርገር፣ ላሪ ክላርክ፣ ዴቭ ዴይ፣ ሮጀር ጆንስተንና ኤዲ ሾው፣ በጌልንሃውዘን በሰፈረው የአሜሪካ ጦር ወታደሮች ነበሩ። መጀመሪያ በሌላ ስም በየጭፈራ ቤቱ የሌሎችን ዘፈን ይጫወቱ ነበር። ከጦሩ ተሰናብተው በጀርመን በቀሩ ጊዜ ዋልተር ኒማንና ካርል ሬሚ የተባሉ ጀርመናውያን ሥራቸውን መምራት ጀመሩ። ጥቁር ልብስ ለበሱ፤ እንደ ምዕራባውያን መነኮሳት ልማድ አናታቸውን ተላጩ፤ በአንገታቸውም ገመድ አሰሩ።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ የገበያ ዘዴ ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ሙዚቃውም አብሮ መነነ። ዴይ ጊታሩን ትቶ ባንጆ ያዘ፤ እርሱንም ለዜማ ሳይሆን ለምት መታው። ጆንስተን የናሱን ሳሕን ትቶ በከበሮዎቹ ላይ አተኰረ። በርገርም ሌላው ሙዚቀኛ የሚሸሸውን የድምፅ ማጉያ ጩኸት እንደ መሣሪያ ተጠቀመበት። ፖሊዶር የተባለው ኩባንያ በ1966 ባወጣው «ብላክ መንክ ታይም» በተባለው ሸክላ የመጀመሪያው ዘፈን የቬትናምን ጦርነት በስሙ ያነሣል፤ ይህንም ያሉት ትናንት የጦር ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው።

ስለ ውድቀታቸው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ዘመናቸውን ቀደሙ» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ምስጋና ይመስላል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም። ሸክላው በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አልወጣም፤ በጀርመንም ገዢው ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1967 ድረስ በወጡት ትንንሽ ሸክሎች ዜማው ለስልሶ ይሰማል፤ ይኸውም ገዢ ለማግኘት ሲሉ የገዛ ሥርዐታቸውን ማላላታቸው ነው። በ1967 ቬትናምን ጨምሮ ወደ እስያ ሊጓዙ ታስቦ ሳለ፣ ከመካከላቸው ሰው ወደ አገሩ በመመለሱ ጉዞው ቀረ፤ ጓዱም ተበተነ።

እንግዲህ ልብሱ ከሌሎች የመጣ ቢሆንም ሥርዐቱን በሥራ የፈጸሙት ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ የጐደላቸው ማኅበር ነው። ያ ማኅበር የተገኘው ዘግይቶ፣ ይህን ሻካራ ሙዚቃ «ጋራዥ ሮክ» ብለው በሚሰበስቡ ወጣቶች መካከል ነው፤ በ1999ም ሙዚቀኞቹ በኒው ዮርክ ዳግመኛ በአንድ መድረክ ቆሙ። ስለዚህ የባህል ተመራማሪ የአንድን ጓድ መነሣትና መበተን ሲመዝን በሙዚቀኞቹ ላይ ብቻ ሳይፈርድ፣ ሥርዐታቸውን የሚቀበል ሰሚ በጊዜው ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።