ለመተርተር የተሰፋ ስፌት

ስፌት የሚያውቅ ሰው ልብስ ሲገዛ መጀመሪያ ገልብጦ ውስጡን ያያል። ክሩ ጠበቅ ብሎ መሄዱን፣ ጫፉ መቋጨቱን፣ የላላ ቦታ አለመኖሩን ይፈትሻል። የግንባታ ሠራተኞች ሴፍቲ ቤልት የሚሉትን፣ ከፍታ ላይ ሲሠሩ የሚለብሱትን ማሰሪያም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ሳይት ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ የጥብጣብ ክምር ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ብዙ የተጠበቡበት የእጅና የመኪና ሥራ ነው።

ከክሩ እንጀምር። ጥሩ ልብስ ሰፊ ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር ያመሳስላል፤ ስፌቱ ባይታይ ይመርጣል። እዚህ ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። የአውሮፓ ደረጃ የክሩ ቀለም ከጥብጣቡ ቀለም እንዲለይ ያዝዛል፤ አንዲት ክር እንኳ ብትበጠስ ሠራተኛው ጠዋት ሲለብስ ዓይኑ ውስጥ እንድትገባ። ዋናዎቹ ጥብጣቦችም ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይጠቡ ተደንግጓል፤ ቀጭን ማሰሪያ የሚወድቅን ሰው ሲይዝ ሥጋ ይቆርጣልና። ሁለት ጥብጣብ የተገናኘበትን ቦታ በጣት ቢዳብሱት፣ ክሩ ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ ጠጥሮ ይገኛል። የስፌቱ መስመሮች ግን ከጥብጣቡ ጠርዝ ፈቀቅ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ቶሎ የሚፈተገው ጠርዙ ስለሆነ።

ቀጥሎ ጥብጣቡ በሰውነት ላይ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ነው። በሁለቱ ትከሻዎች ወርዶ፣ ጀርባ ላይ ተጠላልፎ፣ በመቀመጫ ሥር ዞሮ ጭኖችን ያቅፋል። ገመዱ የሚያያዝበት የብረት ቀለበት በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሐል ይቀመጣል። በዚህ አካሄድ የውድቀቱ ጉልበት ጠንካራ አጥንትና ወፍራም ጡንቻ ወዳለበት፣ ወደ ዳሌና ወደ ጭን ይከፋፈላል። ድሮ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ ግን ጉልበቱን ሁሉ ሆድ ላይ ይጥለው ነበር፤ ሰውየውን ከወገቡ ያጥፈዋል ወይም ሾልኮ ያመልጠዋል። አሜሪካ በግንባታ ሥራ ላይ ይህን ቀበቶ ለውድቀት መያዣነት መጠቀምን ከጥር 1 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች።

የሙያው ጫፍ የሚታየው ግን ከቀለበቱ ጋር በሚያያዘው ገመድ ላይ፣ በትንሽ ሽፋን ውስጥ በተሸሸገው ጥቅል ነው። ውስጡ ረዥም ጥብጣብ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ተደራርቧል፤ እጥፋቶቹም እርስ በርስ ተሰፍተዋል። ይህ ስፌት የተሰፋው እንዲተረተር ነው። ሠራተኛው ቢወድቅና ገመዱ ቢወጠር፣ ክሮቹ በተርታ፣ አንዱ ከአንዱ እየተከተለ ይበጠሳሉ። እያንዳንዱ የሚበጠስ ክር ከውድቀቱ ጉልበት ጥቂት ይዞ ይሄዳል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ከነመሣሪያው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ቢወድቅ ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ገመዱ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ቢያደርገው፣ ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ከሁለት ቶን በላይ ክብደት ይሆናል፤ አከርካሪ ይሰብራል። ስፌቱ እየተተረተረ በ60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው ግን ወደ 430 ኪሎ ይወርዳል። የአውሮፓ ደረጃ ይህ ኃይል ከ6 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ600 ኪሎ ጥቂት ከሚያልፍ ክብደት፣ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ የሰፊውን ጭንቅ አስቡት። ክሩ ቢጠነክር ሰው ይሰበራል፤ ቢላላ ጥቅሉ ጉልበቱን ሳያበርድ ተተርትሮ ያልቃል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ልክ፣ ከፋብሪካ በሚወጣው በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ሳይስት ማግኘት አለበት።

የማሰሪያው ፈተናም ለሥራው የሚመጥን ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን አሻንጉሊት ማሰሪያውን ለብሶ 4 ሜትር ይወድቃል፤ አንዴ በእግሩ፣ አንዴ በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ። ማሰሪያው ሊይዘው ብቻ ሳይሆን ቀና አድርጎ ሊያንጠለጥለው ይገባል፤ ከቀጥታው ከ50 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው።

ይህን ያህል የተለፋበት ዕቃ በደንቡ ውስጥ የተሰጠው ቦታ መጨረሻው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታንያ የከፍታ ሥራ ደንብ ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስቀምጧል። ሥራው መሬት ላይ የሚሠራ ከሆነ ማንም አይውጣ፤ መውጣት ግድ ከሆነ በመከለያና በደህና መወጣጫ መውደቅን መከላከል፤ ይህም ካልበቃ የውድቀቱን ጉዳት መቀነስ። ማሰሪያው የሚመጣው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ምክንያቱም ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሥራውን የሚሠራው ቦታ ሲሰጡት ነው። 2 ሜትር ገመድ፣ እስከ 1.75 ሜትር የሚተረተር ጥቅል፣ ከቀለበቱ እስከ እግር 1.5 ሜትር ገደማ፣ ለመጠንቀቂያ 1 ሜትር፤ ሲደመር ገመዱ ከታሰረበት ቦታ በታች ከ6 ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ባለ ወለል ላይ፣ እግሩ ሥር አስሮ የሚሠራ ሰው ቢወድቅ ገመዱ ሳይወጠር መሬት ይደርሳል። ማሰሪያ ለብሷል፤ ግን ምንም አልለበሰም።

የሚታሰርበት ነገርም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ደንብ ማሰሪያ ቦታው ለአንድ ሠራተኛ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2,268 ኪሎ ያህል፣ እንዲችል ይጠይቃል። በሚስማር የተያዘ አጠና ወይም የውሃ ቧንቧ ይህን አይችልም።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ግዴታ ይጥልበታል። ማስተማር የሚለው ቃል በዋዛ መታለፍ የለበትም። ማሰሪያ ገዝቶ ማደል ቀላሉ ክፍል ነው። ፎርማኑ ከሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ ጥብጣቡን በእጁ እያሳለፈ፣ ክሩን እያሳየ፣ የት እንደሚታሰር አብሮ ሊመርጥ፣ ተንጠልጥሎ የቀረን ሰው ማን በምን ፈጥኖ እንደሚያወርደው አስቀድሞ ሊወስን ይገባል። አንዴ ሰው የያዘ ማሰሪያ ደግሞ ደህና ቢመስልም ከሥራ መውጣት አለበት። ሰፊው ልኩን ጠብቆ ሰፍቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልክ ሁሉ የአሠሪውና የፎርማኑ ዕዳ ነው።