ፋይሉ የማን ነው?

ኤስኪውኤል ሰርቨሩ አንድ ዶሜይን ውስጥ ነው፤ ባክአፑ ማረፍ ያለበት ግን ሌላ ዶሜይን ውስጥ ባለ ፋይል ሰርቨር ላይ። በሁለቱ መካከል ትረስት ስለሌለ ከርበሮስ አይሠራም፤ የዚህኛው ወገን አካውንት ለወዲያኛው ባዕድ ነው። የቸኮለ ሰው በሁለቱም ማሽኖች ላይ ስሙና ፓስወርዱ አንድ የሆነ አድሚን ፈጥሮ ይገላገላል። ባክአፑም በየሌሊቱ ይወጣል። የግብር ይውጣ ሥራና የባለሙያ ሥራ በውጤታቸው ስለማይለዩ፣ ፐርሚሽኑን መስመር በመስመር ማንበብ ግድ ነው።

በቅርቡ ያነበብኩት ዝግጅት መንገዱ ያው ነው፦ በሁለቱም በኩል ስሙና ፓስወርዱ አንድ የሆነ ሎካል አካውንት፣ በኤንቲኤልኤም የሚያልፍ። ግን አካውንቱ አድሚን አይደለም፤ ለዚህች ሥራ ብቻ የተፈጠረ ነው። ባክአፕ ሲጻፍ የሼሩን በር የሚያንኳኳው ትእዛዙን የሰጠው ሰው ሳይሆን የኤስኪውኤል ሰርቪስ አካውንት ነው፤ ባለሙያው ይህን አውቆ ሰርቪሱን በዚሁ አካውንት አስነስቶታል። ፋይል ሰርቨሩ ላይ አካውንቱ በሪሞት ዴስክቶፕም ሆነ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ መግባት ተከልክሏል። ፖርት 445 የተከፈተው ለዚያ አንድ ሰርቨር ብቻ ነው። ኤንቲኤልኤም ያረጀ ስለሆነም፣ ሼሩ ያለ ኢንክሪፕሽን የመጣን ሁሉ ይመልሳል።

እኔን የማረከኝ ፎልደሩ ነው። አካውንቱ ፋይል መፍጠር፣ ማንበብና መጻፍ ይችላል፤ መሰረዝ አይችልም። ብዙ ጎበዝ እዚህ ድረስ ይመጣና ይቆማል። ዊንዶውስ ላይ ግን ፋይሉን የፈጠረ ባለቤቱ ነው፤ ባለቤት ደግሞ ማንም ሳይሰጠው ፐርሚሽን መለወጥ ይችላል። ሼሩ እንደተለመደው ለሁሉም ፉል ኮንትሮል ከተለቀቀ፣ የዳታቤዙን ሰርቨር የሰበረ ሌባ በዚያው አካውንት መጥቶ ለራሱ የመሰረዝ መብት ይጽፍና ባክአፑን ያጠፋል። ይህ ቀዳዳ እዚህ ሁለት ጊዜ ተደፍኗል። የሼሩ ፐርሚሽን ከቼንጅ አያልፍም። በፎልደሩ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ኦውነር ራይትስ የሚል መስመር ተጨምሯል፤ የተፈቀደለት ማንበብ ብቻ ነው። ይህች መስመር ስትኖር ባለቤትነት በራሱ ፐርሚሽን አያስለውጥም። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው!

መጻፍ የሚችል በነበረው ላይ ደርቦ መጻፍም ይችላል፤ እሱም አልተረሳም። ፋይሉ ተጽፎ ሲያልቅ የፋይል ሰርቨሩ የራሱ ታስክ፣ በሌላ አካውንት፣ ወደ ሌላ ፎልደር ያነሳዋል። የባክአፑ አካውንት እዚያ ምንም መብት የለውም። ጊዜ ያለፈባቸውን ባክአፖች የሚሰርዘውም ያው ታስክ ነው፤ የታስኩ አካውንት ፓስወርድም ከዳታቤዙ ወገን በየትኛውም ማሽን ላይ አልተቀመጠም።