ተመልሶ የማይመጣው ሕመምተኛ፦ «ላይት ኦን ዮጋ» ከባሌ ደጋ ሲነበብ

ዮጋን ለዓለም ካስተዋወቁ መጻሕፍት መካከል ሕንዳዊው መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት «ላይት ኦን ዮጋ» ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2014 ባሳለፈው ውሳኔ ጁን 21፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 14፣ የዓለም የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ከተደረገ ወዲህ ዮጋ የጤና መንገድ ነው የሚለው ቃል ከመቼውም በበለጠ ይሰማል። ጉዳዩ ወደ ጤና መስክ ከገባ ዘንድ፣ ይህን መጽሐፍ እንደማንኛውም የጤና ትምህርት መዝኖ የሚጸናውን ከማይጸናው መለየት የባለሙያው ድርሻ ይሆናል።

አየንጋር እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ሕንድ ተወልደው በልጅነታቸው በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ ክፉኛ የተጎዱ ሰው ነበሩ። በጉርምስናቸው ከእህታቸው ባል ከክሪሽናማቻርያ ዮጋን ተምረው ጤናቸው እንደተመለሰላቸው ይናገሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በ95 ዓመታቸው ዐርፈዋል። የመጽሐፋቸው መግቢያ ፓታንጃሊ የተባለው የጥንት ሊቅ የደነገጋቸውን ስምንት የዮጋ ክፍሎች ያብራራል። እነርሱም ለሌላው የሚጠበቅ ግብረ ገብ፣ ራስን መግራት፣ አሳና የሚባለው የሰውነት አቋቋም፣ ፕራናያማ የሚባለው የእስትንፋስ ሥርዓት፣ የስሜት ሕዋሳትን መሰብሰብ፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማዋል፣ ተመስጦና ሳማዲ የተባለው የመጨረሻው የነፍስ ንቃት ናቸው። ከዚያ በኋላ 200 ያህል አቋቋሞች ወደ 600 ከሚጠጉ ፎቶግራፎች ጋር ይቀርባሉ። በመጨረሻም እስከ 300 ሳምንት የሚዘልቅ የልምምድ ዕቅድና ለየበሽታው የሚስማሙ አቋቋሞችን የሚዘረዝር ክፍል ተጨምሯል።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ትክክለኛነቱ ነው። እግር የት እንደሚያርፍ፣ ጉልበት እንዴት እንደሚጠብቅ፣ እስትንፋስ መቼ እንደሚሳብና መቼ እንደሚለቀቅ በቅደም ተከተል ይናገራል። «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ብሎ ሕመምተኛውን የሚያሰናብት ባለሙያ ከዚህ የሚማረው አለ። ማስጠንቀቂያዎቹም በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም፤ ራሱን የሚያዞረው ወይም የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ልምምዱን በራስ ቁልቁል በመቆም እንዳይጀምር ይከለክላል። ከዚህም በላይ ደራሲው ግብረ ገብ የጎደለውን የሰውነት ልምምድ ከሰርከስ ትርኢት አስበልጠው አያዩትም። የነፍስ ንቃት በሰውነት መተጣጠፍ ብቻ የሚገኝ ነው ብለው አላስተማሩም።

ድክመቱ የሚጀምረው በበሽታዎቹ ዝርዝር ላይ ነው። አስም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የጀርባ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቋቋም ተመድቦላቸዋል። ስንት ሰው ሞክሮት ስንቱ እንደተሻለው፣ ስንቱ እንዳቋረጠና ስንቱ እንደባሰበት ግን አንድም ቁጥር የለም። ማስረጃው የመምህሩ የረጅም ዘመን ልምድ ነው። መምህር ደግሞ የሚያየው ተመልሶ የሚመጣውን ተማሪ ነው። እስከ 300 ሳምንት የጸና ሰው ልምምዱ የተስማማው ሰው ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ጀርባውን አሞት የቀረው ምስክርነቱን የሚሰጥበት ገጽ የለውም።

ኋላ የተደረጉት በዕጣ ድልድል የተካሄዱ ሙከራዎች ይህን ክፍተት በከፊል ሞልተዋል። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የተሻሻለ ግምገማ በ21 ሙከራዎች 2,223 ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያካተተ ሲሆን፣ ዮጋ ምንም እንቅስቃሴ ካለማድረግ በመጠኑ እንደሚሻል፣ ከሌሎች የጀርባ እንቅስቃሴዎች ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል እንደሆነ አሳይቷል። በአንዳንዶችም ላይ ልምምዱ ራሱ የጀርባ ሕመሙን አብሶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአስም ግምገማ በ15 ሙከራዎች 1,048 ሰዎችን አካትቶ በኑሮ ጥራትና በሕመም ስሜት ላይ መጠነኛ መሻሻል አግኝቷል፤ መድኃኒትን ይቀንሳል የሚያሰኝ ጽኑ ማስረጃ ግን አላገኘም። በሚጥል በሽታ ላይ የተደረጉትና ለግምገማ የበቁት ሁለት ሙከራዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ተሳታፊዎቻቸውም በድምሩ 50 ሰዎች ስለነበሩ ከእነርሱ የሚጸና መደምደሚያ አልተገኘም። እንግዲህ ዮጋ ጥሩ እንቅስቃሴ መሆኑ ተረጋግጧል፤ የመድኃኒት ምትክ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

ይህ ሚዛን ለባሌ ደጋ የጤና ባለሙያ የሚጠቅመው በሮቤ ወይም በጎባ የዮጋ ተማሪ ስለሚበዛበት አይደለም። አካባቢው ለሥጋም ለነፍስም ፈውስ የሚፈለግበት የራሱ ጥንታዊ መንገድ ስላለው ነው። የድሬ ሼክ ሁሴን መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ የሰፈረ ሲሆን፣ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌሎችም አገሮች ምእመናን ይጎርፉበታል። ተጓዡ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትሩን ይዞ፣ የሼኩን ውዳሴ ከጓደኞቹ ጋር እየተቀባበለ፣ ከተቻለው በእግሩ ይጓዛል። ከሥፍራው የሚወሰደውን ጃዋራ የተባለ ነጭ አፈርም ለበረከት ይቀባዋል። ረጅም የእግር ጉዞ፣ በዜማ የሚመራ እስትንፋስ፣ የጓደኛ ድጋፍ፣ ስለትና ልብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ በአንድነት የተገኙበት ሥርዓት ነው። በዚህ ረገድ አየንጋር ፍለጋቸውን በሳንስክሪት ስም ጠሩት እንጂ ለባሌ ሰው እንግዳ ነገር ይዘው አልመጡም። የሙስሊሙ ሩኩዕና ሱጁድም፣ የክርስቲያኑ የጾም ስግደትም ሥጋንና ሐሳብን አንድ ላይ የሚያጎነብሱ ናቸው።

የድሬም ምስክርነት ግን የመጽሐፉ ዓይነት ክፍተት አለበት። ስለት የደረሰለት ሰው በዓመቱ ስለቱን ይዞ ይመለሳል፤ የተደረገለትንም ለሁሉ ይናገራል። ያልተሻለው ቤቱ ይቀራል፤ የሞተውም አይናገርም። ባለሙያው ይህን ሲያነሣ የራሱን ደጅ መርሳት የለበትም። የጤና ጣቢያው የክትትል መዝገብም ቢሆን የሚናገረው ስለተመላለሰው ሕመምተኛ ነው። በሀረና ቡሉቅ ወረዳ፣ በአንገቱ የሚኖር ሰው ወደ ጎባ ለመምጣት ደሎ መናን አልፎ፣ የሀረናን ደን ወጥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳኔቲን አምባ መሻገር አለበት። ቀጠሮውን ያሳለፈው ሰው ተሽሎት ይሁን፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አጥቶ ይሁን፣ ወይም ሌላ የፈውስ መንገድ ይዞ ይሁን መዝገቡ አይለየውም።

ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታልን በድንገት ሲያቋርጥ ሳያባራ የሚመላለስና ሕይወት የሚያጠፋ የማንዘፍዘፍ አደጋ ሊደርስበት ይችላል። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ወጣት ኢንሱሊኑን ቢተው በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። መድኃኒቱን ያስተወው በፎቶግራፍ የተደገፈ መጽሐፍም ይሁን የቀደመ የአባቶች ልማድ፣ ውጤቱ አንድ ነው። የውጭውን በሳይንስ ስም ተቀብሎ የአገሩን በኋላቀርነት መንቀፍ፣ ወይም የአገሩን በክብር ስም ከጥያቄ በላይ አድርጎ የውጭውን መንቀፍ፣ ሁለቱም ሚዛን ማጉደል ነው።

መንገዱን ሳይነቅፉ መድኃኒቱን መጠበቅ እንደሚቻል ኢትዮጵያ ከዚህ ቀደም አይታለች። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በእንጦጦና በሌሎች የጸበል ቦታዎች መድኃኒቱን ትተው በጸበል ብቻ የሚጠባበቁ ሕሙማን ነበሩ። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ በይፋ ማስተማራቸው፣ የትኛውም በራሪ ወረቀት የማይደርስበትን ጆሮ የሚደርስ ቃል ነበር። ቃሉ ጸበሉን አላሳነሰም፤ ሕመምተኛውንም ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አላስገደደውም።

ለባሌ ባለሙያ ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላልና ተጨባጭ ነው። በመጀመሪያ መጠየቅ ነው፤ ሕመምተኛው ድሬ ለመሄድ፣ ጸበል ለመግባት ወይም ሌላ ልምምድ ለመጀመር ማሰቡን የሚናገረው ያለ ተግሣጽ ሲጠየቅ ነው። ቀጥሎ የጉዞውን ቀን ቆጥሮ ለመሄጃውም ለመመለሻውም የሚበቃ መድኃኒት መስጠት ነው። ኢንሱሊን የሚወስደው ሰው ከደጋው ወደ ቆላ ሲወርድ መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ከሙቀት እንዲጠብቅ ማስተማር ያስፈልጋል። ጀርባው ለሚያመው የስንዴ ገበሬ ደግሞ የሰውነት ማፍታታትን እንደ አየንጋር በቅደም ተከተል ማሳየት ይገባል፤ ስሙ ዮጋ መባሉ ግድ አይደለም። በመጨረሻም የቀረውን ሰው ስም ይዞ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ቤቱ ድረስ መጠየቅ ነው።

«ላይት ኦን ዮጋ» ስለ አቋቋምና ስለ እስትንፋስ ሊነበብ የሚገባው፣ በሥራው የታመነ ሰው መጽሐፍ ነው። ስለ ነፍስ ንቃት የሚለውን አንባቢው በእምነቱና በሕሊናው ይመዝነው፤ ያ የሐኪም ፍርድ የሚጠየቅበት አይደለም። የበሽታዎቹን ዝርዝር ግን የጤና ባለሙያ ለሕመምተኛ አንብቦ ሊያዝበት አይገባም፤ ልምምዱን ጀምረው ስላልቀጠሉት ሰዎች አንዲት መስመር እንኳ አልያዘምና።