ከኦሃዮ የመጣ ካሌንደር በሀዋሳ ሣር ላይ

ሐምሌ ነው እንበል። ሀዋሳ ውስጥ ግቢያችሁ ሣር አለው፤ እንዴት እንደምትንከባከቡት ስልካችሁ ላይ ትፈልጋላችሁ፤ በአማርኛ የተዘጋጀ ምክርም ታገኛላችሁ። ምክሩ ሣር በክረምት ስለሚተኛ ማዳበሪያ አያስፈልገውም፣ ማጨጃውንም ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡት ይላችኋል። ቀና ብላችሁ በመስኮት ታያላችሁ። ተኝቷል የተባለው ሣር ባለፈው ቅዳሜ ታጭዶ፣ ዛሬ እንደገና ቁርጭምጭሚት አልፏል።

እንዲህ ዓይነቱ ምክር ውሸት አይደለም። ችግሩ የሌላ አገር እውነት መሆኑ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ምክሩን የሚያዘጋጁትን ለመስደብ አይደለም፤ ምክሩ የት ላይ እንደሚሰበር ለማሳየት ነው። የሚሰበርበት ቦታ ደግሞ ሳይንሱ በጣም የሚያምርበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ወደ ምንጩ እንሂድ። የግቢ ሣርን በዓመት አራት ጊዜ በተቆረጠለት ቀን ማዳበሪያና ፀረ አረም የመመገብ ልማድ በዋናነት የአሜሪካ ነው። ከዚያ ልማድ ጀርባ ካሉት ድርጅቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1868 ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ከአረም የጸዳ ዘር በመሸጥ የጀመረው ስኮትስ ነው። ድርጅቱ በ1928 ለግቢ ሣር ብቻ የተዘጋጀ ማዳበሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ቆይቶም «አራት ደረጃ» የሚባል የዓመት ፕሮግራም አወጣ። አንደኛው ደረጃ ብርዱ ሲለቅ፣ ሁለተኛው ትንሽ ሞቅ ሲል፣ ሦስተኛው በሙቀቱ ወቅት፣ አራተኛው ቅጠል ሲረግፍ። ኦሃዮ ላይ ቆማችሁ ካያችሁት ብልህ ሥራ ነው። እዚያ የሣሩን ዓመት የሚያዝዘው ብርድ ነው። መሬቱ በረዶ ይሆናል፣ ሣሩ ይቆማል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ሣሩ ይነሣል።

አሁን ይህን ወደ አማርኛ ተርጉሙት። ዊንተር ምንድነው? ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ «ክረምት» ነው። ሰመርስ? «በጋ»። ስፕሪንግ «ጸደይ» ይባላል፤ ኦተም ደግሞ አንዱ ጋ «መኸር» ሌላው ጋ «በልግ» ሆኖ ይመጣል። መዝገበ ቃላቱን ባንወቅሰው ይሻላል፤ አንድ ለአንድ የሚገጥም ቃል ስለሌለ የቻለውን አደረገ። ግን የሆነውን ልብ በሉ። እዚያ ዊንተር ሣሩ የሚተኛበት ወቅት ነው፤ እዚህ ክረምት ሣሩ የሚያብድበት ወቅት ነው። ቃሉ ሲሻገር ትርጉሙ ተገለበጠ።

የሚገርመው ደግሞ ይኸውላችሁ። ተርጓሚው የወቅቱን ስም ትቶ ወሩን ቢተረጉም ኖሮ ለእውነት ይቀርብ ነበር። የኦሃዮ ዊንተር የሚውለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው፤ ሀዋሳ ውስጥም ውኃ የማይጠጣ ሣር የሚተኛው በእነዚሁ ወራት ነው። አንዱ በብርድ፣ አንዱ በጥም። ወሩ ይገጥማል፣ ምክንያቱ አይገጥምም። ምክንያቱ ካልገጠመ ደግሞ ምክሩ ለጥቂት ጊዜ ልክ ይመስልና መሐል ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል። በጥር የኦሃዮን ሣር የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠጡት አይነሣም፤ የሀዋሳውን ሁለት ሳምንት በደንብ አጠጡት፣ ይነሣል።

ለምን መሰላችሁ? ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል፣ ከወር ወር ያለው ልዩነትም ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። የሚለዋወጠው ዝናቡ ነው። በዓመት ከሚዘንበው 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ የእኛ ሣርና የእኛ አረም ሰዓታቸውን የሚያዩት ከቴርሞሜትር ሳይሆን ከዝናብ ነው።

ይህ ልዩነት ተራ ዝርዝር እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአሜሪካው የመጀመሪያ ደረጃ ዋና ሥራ ክራብግራስ የሚሉት የሣር አረም ዘሩ ሳይበቅል አፈር ላይ ፀረ አረም በመበተን ማስቀረት ነው። መቼ ይበተን? የአፈሩ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት 13 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ። እዚያ ይህ በጣም ትክክለኛ ምልክት ነው፤ ዘሩ ብርዱ እስኪያልፍ ይጠብቃልና። ሀዋሳ ውስጥ ግን ጣታችሁን አፈር ውስጥ ብታስገቡ ዓመቱን ሙሉ ከ13 በላይ ነው። ምልክቱ ሁልጊዜ በርቷል፤ ሁልጊዜ የበራ ምልክት ደግሞ ምንም አይነግራችሁም። እዚህ ዘሩን የሚቀሰቅሰው የበልግ የመጀመሪያው አፈር አርጣቢ ዝናብ ነው፤ ወይም ደግሞ፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ በጥር ወር የእናንተው የውኃ ጎማ።

ሣሩም ራሱ ሌላ ነው። ኦሃዮ ላይ የሚተከሉት ብሉግራስና ፌስኪው ሲ-ሦስት የሚባለው ቡድን ናቸው፣ እንደ ስንዴና ገብስ። ቀዝቀዝ ሲል ይስማማቸዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ ሲገባው ኦክሲጅን እየያዘ ጉልበት ያባክናል። ሀዋሳ ግቢ ውስጥ የምታገኙት ሰርዶ ደግሞ ሲ-አራት ነው፣ እንደ ጤፍና በቆሎ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን አስቀድሞ ሰብስቦ ወደ ሩቢስኮ የሚገፋ ፓምፕ አለው ብላችሁ አስቡት። ፀሐይና ሙቀት ባለበት በትንሽ ውኃ ብዙ ያድጋል። ለስንዴ የተጻፈ የእርሻ ካሌንደር ለጤፍ ይሆናል ብላችሁ ታምናላችሁ? ለብሉግራስ የተጻፈው ለሰርዶ ይሆናል ማለትም ያው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ዞር ልበል፣ ዝም ብዬ ባልፈው ይቆጨኛል። ዓለም «ቤርሙዳ ግራስ» ብሎ በውድ የሚገዛው፣ የጎልፍና የኳስ ሜዳ የሚያለብሰው ሣር የእኛው ሰርዶ ነው። ስሙ የደሴት ነው እንጂ ቤርሙዳ አላፈለቀችውም፤ አፍሪካ ከትውልድ አገሮቹ አንዷ ናት። ገበሬ ግን ሰርዶን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ ምክንያቱም ማሳ ውስጥ ከገባ ግንዱ ከመሬት በታች እየሄደ ቢቆርጡት ከቁራጩ ይበቅላል። ኪኩዩ ሣርም እንዲሁ። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው፣ የኢትዮጵያም ጭምር፤ አውስትራሊያ ግቢ ላይ ይተከላል፣ አሜሪካ ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ከተከለከሉ ጎጂ አረሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። አንድ ተክል፣ ሁለት ፋይል። አረም የሚባል የዕፅዋት ቤተሰብ የለም ማለት ነው፤ ያለው «እዚህ አልፈልግህም» የሚል ሰው ነው።

ታዲያ አረም የሚለውን ስም ማን ይሰጣል? አንዳንዴ ሰው አይደለም፣ ጠርሙስ ነው። ክሎቨርን ውሰዱ። በአገራችን ብዙ የዱር ዘመዶች አሉት፣ ማገጥ የምንለው፣ ከብት የሚወደው። በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያዳብራል። እስከ 1940ዎቹ ድረስ አሜሪካኖች ግቢያቸው ላይ ሣር ሲዘሩ የክሎቨር ዘር ሆን ብለው ይቀላቅሉ ነበር። ከዚያ ቱ-ፎር-ዲ መጣ። ይህ ኬሚካል ኦክሲን የተባለውን የተክል የዕድገት ሆርሞን ይመስላል፤ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ላይ ሲያርፍ እድገታቸው መስመር ስቶ፣ ተጠማዘው ይሞታሉ፤ ሣር ግን ይተርፋል። ኬሚካሉ ዳንዴሊየንን ከክሎቨር አይለይም። ሁለቱንም ገደለ። ክሎቨርን የማይገድል መርጨት ስላልተገኘ፣ ቀስ በቀስ ክሎቨር ራሱ አረም ነው ተባለ። ናይትሮጅኑን በነፃ ይሰጥ የነበረው ተክል ሲወጣ፣ ናይትሮጅኑ በከረጢት ተገዛ።

ይህን የምለው ቱ-ፎር-ዲ ሰይጣን ነው ለማለት አይደለም። የስንዴና የጤፍ ገበሬ ለአሥርተ ዓመታት ተጠቅሞበታል፤ አንድ ሄክታር በእጅ ማረም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ገበሬውን አይወቅስም። ጥያቄዬ ሃምሳ ካሬ ሜትር ግቢ ላይ ምን ይሠራል ነው። የሀዋሳ ግቢ ሣር ብቻ አይደለም። ከሣሩ ጠርዝ ላይ ፓፓያ አለ፣ አቮካዶ አለ፣ ቃሪያና ቲማቲም አለ፣ አጥሩ ላይ ቡገንቪሊያ። ሁሉም ሰፊ ቅጠል ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሣ የተረጨው ጠብታ የጎረቤት ፓፓያ ላይ ያርፋል፤ በጥቂት ቀናት ቅጠሉ ተጨማዶ ሲታይ «በሽታ ገባበት» ይባላል።

ሌላም አለ፣ የኦሃዮ ካሌንደር በጭራሽ ያላሰበው። እዚያ የታጨደ ሣር ቆሻሻ ነው። እኛ ጋ ምግብ ነው። አጭዶ የሚወስድ ሰው በር ያንኳኳል፤ ሣሩ ለላም፣ ለበግ፣ ለጋሪ ፈረስ ይሄዳል። የፀረ አረም መለያ ወረቀት ላይ ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ከብት እንዳይግጠው የሚል ማስጠንቀቂያ አለ፤ ያንን ወረቀት ግን ሣሩን ተሸክሞ የሚሄደው ሰው አያየውም። እንደ ክሎፒራሊድ ያሉት ደግሞ በከብቱ ሆድ አልፈው እበት ውስጥ ሳይፈርሱ ይወጣሉ፤ እበቱ ጎመን ላይ ሳይሆን ቲማቲም ወይም ባቄላ ላይ ሲደረግ ተክሉ ይጣመማል። እኔ ከጠቅላላው ምክር ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከወቅቱ መገለባበጥም ይብሳል።

ማዳበሪያውስ? የሀዋሳ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ፑሚስ የበዛበት፣ ቀላልና ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ዩሪያ በትናችሁ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ፣ ናይትሮጅኑ ሣሩን ሳይጠብቅ ይወርዳል። የት? ሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃን ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚያስወጣው ወንዝ የለውም። ውኃው በትነትና በከርሰ ምድር ይሄዳል፤ የማይተነው ይቀራል። ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ ጋር ሲወዳደር የግቢ ሣር ድርሻ ትንሽ እንደሆነ መካድ አልፈልግም። ግን አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ቆሮሶ የሚበላ ሰው፣ መውጫ የሌለው ገንዳ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ለምን ልጨምር ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ታዲያ አረሙን ዝም እንበለው? በፍጹም። የውጭው ካሌንደር ስለ ክራብግራስ ሲጨነቅ የእኛን ሁለት ጠላቶች ግን አያውቃቸውም። አንዱ እንግጫ ነው፤ ግንዱን በጣታችሁ ብትዳስሱት ሦስት ማዕዘን አለው። ሣር አይደለም፣ የቀጠማ ዘመድ ነው። ከላይ ብትነቅሉት ከመሬት በታች ያለችው ትንሽ ድንች መሰል ፍሬ ትቀራለች፣ እሷ እንደገና ታወጣዋለች። ስለዚህ አፈሩ ርሶ ሳለ በመኮትኮቻ ከሥር ፈልፍሎ ማውጣት፣ ከዚያም በየሳምንቱ መመለስ ነው፤ ቅጠሏ በተቆረጠ ቁጥር ፍሬዋ ስንቋን ትጨርሳለች።

ሁለተኛው ፓርቲኒየም ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአገራችን ተስፋፍቷል፤ በምሥራቅ ያሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬዎች «ፈረምሲሳ» ይሉታል፣ መሬትህን አስፈርሞ የሚወስድ እንደማለት። አንድ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ቆዳም ያሳክካል፣ አስምም ይቀሰቅሳል። ማጨጃ ቢያልፍበት ከታች ካለው ቅጠል እንደገና ይወጣል። ጓንት አድርጎ፣ ነጩ አበባ ሳይፈነዳ፣ ከነሥሩ። ውኃ ባገኘ ጊዜ ሁሉ ስለሚበቅል ወቅት አይጠብቅም፣ ስለዚህ ለእሱ ካሌንደር የለም።

ከውጭው ምክር ሳይነካ የሚያልፍ ነገርም አለ፤ ወቅት ሳይሆን የተክሉ ተፈጥሮ ላይ የቆመው ክፍል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጡ የሚለው ልክ ነው፤ ብዙ ቅጠል ያጣ ሣር ሥሩን ያሳጥራል፣ በተገለጠው አፈር ላይም ብርሃን የሚፈልጉ የአረም ዘሮች ይነቃሉ። የማጨጃው ስለት ይሳል፣ አልፎ አልፎ ግን በጥልቀት ይጠጣ የሚሉትም እንደዚያው። የቀረውን ወደ ዝናቡ አዙሩት። በልግ አፈሩን በደንብ ሲያርስ፣ ማዳበሪያ ካስፈለገ በትንሽ በትንሹ። ሐምሌና ነሐሴ ማጨድና በእጅ ማረም እንጂ ዩሪያ አይደለም። መስከረም ላይ አንድ ጊዜ ጥሩ ማረም፣ ምክንያቱም የክረምቱ አረም ዘሩን የሚያፈሰው ያኔ ነው። ከኅዳር በኋላ ሰርዶው ቢጫ ሲሆን ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከመሬት በታች ያለው ግንድ በሕይወት አለ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቢጫ ሣር ነውር አይደለም።

እኔን አትመኑ፤ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ በሲባጎ ሁለት አንድ አንድ ካሬ ሜትር ከልሉ። አንዱን አጭር አድርጋችሁ እጨዱ፣ ሌላውን አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ተዉት። ከመጋቢት እስከ ሰኔ በየእሑዱ አዲስ የበቀለውን አረም ቁጠሩና ጻፉ፤ ከጎኑ የዚያን ሳምንት ዝናብ በጣሳ ለክታችሁ በሚሊ ሜትር አስገቡ፤ ጣሳው ግን ጎኑ ቀጥ ያለ ይሁን። ቴርሞሜትር ካላችሁ የአፈሩንም ሙቀት ጨምሩበት። የትኛው ቁጥር ከአረሙ ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ከደብተራችሁ ላይ ታያላችሁ።