ኒውሮሊጂንና ኦቲዝም፦ ማስረጃው የቱን ያህል ያስኬዳል?

ሁለት የነርቭ ሴሎች በሚገናኙበት ሲናፕስ፣ በላኪው ሴል ላይ ያለው ኒውሬክሲንና በተቀባዩ ላይ ያለው ኒውሮሊጂን ክፍተቱን ተሻግረው ይያያዛሉ። ኒውሬክሲን ለሳይንስ የታወቀው ከኦቲዝም ጋር በተያያዘ አልነበረም፤ የጥቁር ሸረሪት መርዝ የሚያርፍበትን ተቀባይ ሲፈልጉ የተገኘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት የቶማ ቡርዠሮን ቡድን በሁለት የስዊድን ቤተሰቦች፣ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ በሚገኙት የኒውሮሊጂን 3 እና 4 ጂኖች ላይ ሚውቴሽን ማግኘቱን ዘገበ። በየቤተሰቡ ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ ኦቲዝም፣ ሌላው አስፐርገር ሲንድሮም ነበረባቸው። ኦቲዝም የሲናፕስ በሽታ ነው የሚለው አባባል የተስፋፋው በአመዛኙ ከዚህ ወዲህ ነው። ግኝቱ ታላቅ ነው፤ ሆኖም ሁለት ቤተሰብ ሁለት ቤተሰብ ነው።

በማግሥቱ ዓመት ከፈረንሳይ የወጣው ዘገባ ነገሩን አወሳስቦታል። በአንድ ሰፊ ቤተሰብ 13 ወንዶች በኒውሮሊጂን 4 ላይ በደረሰው በዚያው አንድ ሚውቴሽን ተጠቅተው ሳለ፣ አሥሩ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ብቻ ታየባቸው፤ ኦቲዝም የታየው በሁለቱ ነው፤ አንዱም ተቀራራቢ የዕድገት መዛባት ነበረበት። እንግዲህ ጂኑ የትኛውን በሽታ እንደሚያመጣ ብቻውን አይወስንም።

ይበልጥ የሚያከራክረው የአይጦቹ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቶማስ ሱድሆፍ ላቦራቶሪ የስዊድኑን የኒውሮሊጂን 3 ሚውቴሽን የያዙ አይጦች ከሌሎች አይጦች ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት መቀነሱን፣ የቦታ ትምህርታቸው መሻሻሉን፣ በኮርቴክስም የገቺ ሲናፕሶች ሥራ መጨመሩን አሳተመ። ይህ ሥራ እጅግ ተጠቅሷል። ይሁን እንጂ በ2008 ሌላ ላቦራቶሪ ያንኑ ሚውቴሽን የያዙ አይጦችን ሲፈትን በማኅበራዊ ባሕርያቸው ይህን የመሰለ ጉልህ ጉድለት አላገኘም። በ2011 ደግሞ ከሱድሆፍ ላቦራቶሪ የወጣ ጥናት በሂፖካምፐስ የጨመረው የአነቃቂ ሲናፕሶች ሥራ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ «የገቺነት መብዛት» የሚለው ቀላል ማብራሪያ ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው እንኳ አይሻገርም፤ ወደ ሕፃን ልጅ መሻገሩማ ከቶ እንዴት ይታሰባል?

የኒውሬክሲን 1 ጂን ከፊል መጉደልም በኦቲዝም ብቻ ሳይሆን በስኪዞፍሬንያና በሚጥል በሽታ ሕሙማን ላይ፣ ጤነኛ በሆኑ ወላጆችም ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሰፊ ጥናት ከኦቲዝም ጋር ካያያዛቸው 102 ጂኖች መካከል የሚበዙት የሌሎችን ጂኖች ሥራ የሚቆጣጠሩ ናቸው፤ በነርቭ ሴሎች ግንኙነት የሚሳተፉት 24 ነበሩ። አጣባቂዎቹ ፕሮቲኖች አንድ በር እንጂ ቤቱ ሁሉ አይደሉም።

በክሊኒክ ክብደት ያለው ሌላው ጉዳይ የውርስ መንገዱ ነው። የስዊድኖቹ ሁለት ሚውቴሽኖች ለልጆቹ የተላለፉት ከእናቶቻቸው ነው፤ እናቶቹ ግን ኦቲዝም አልነበረባቸውም። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ «ቀዝቃዛ እናት» በሚል መላምት የተወቀሱ እናቶች ዛሬ በክሮሞሶም ስም ዳግም እንዳይወቀሱ፣ ውጤቱን የሚነግረው ሐኪም «ተሸካሚ» የሚለውን ቃል ከ«ጥፋተኛ» ለይቶ፣ አባትም ባለበት ሊያስረዳ ይገባል።