ሱልሕ «ባህላዊ» ነውን? የሰላም ጥናት ተቋማችን ታሪክ ከይፋት ቆላ ሲታይ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የአፍሪካ ኅብረት የራሱን የጸጥታ ሥርዓት ይዘረጋ በነበረበት ዘመን፣ ለኅብረቱ መቀመጫ በሆነችው ከተማ እንዲህ ያለ የዕውቀት ማዕከል መወለዱ አያስገርምም። ኢንስቲትዩቱ በድኅረ ምረቃ ደረጃ አስተምሯል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በባሕር ዳር የተጀመረውን የጣና መድረክም በጽሕፈት ቤትነት እያገለገለ የአገር መሪዎችንና ምሁራንን አገናኝቷል። ይህን ሥራ ማቃለል ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ታሪኩን ከሸዋሮቢትና ከይፋት ቆላ ሆኖ ለሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሳበታል፤ ይህ የትምህርት ዘርፍ ማንን ዐዋቂ፣ ማንንስ መረጃ ሰጪ ብቻ አድርጎ ቆጠረ?

የጥያቄው ሥር ከአዲስ አበባ ይርቃል። የሰላም ጥናት ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ የቆመው የኑክሌር ጦርነት ሥጋት በነገሠበት ዘመን ነው። ዮሐን ጋልቱንግ በ1959 እ.ኤ.አ. በኦስሎ የምርምር ተቋም መሠረተ፤ በ1964 ደግሞ መጽሔት ጀመረ። የጦር መሣሪያ ዝም ማለት ብቻውን ሙሉ ሰላም እንዳልሆነ ያስተማረን እርሱ ነው። ዘርፉ ግን ዓይኑን የገለጠው መንግሥታትን እያየ ነበር። ወደ እኛም የመጣው በዚያው ዕይታ፣ በዚያው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ከመንግሥት በታች ያለው የዕርቅ ዕውቀት ሁሉ «ባህላዊ» በሚል አንድ ከረጢት ተጠቃለለ።

አሉላ ፓንክረስትና ጌታቸው አሰፋ በ2008 እ.ኤ.አ. አዘጋጅተው ያሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ስላለው የባህላዊ ግጭት አፈታት የሚያወሳው የጥናት መድበል በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ መምህራን ሁሉ ቢያነቡት እመክራለሁ። ቅሬታዬ በስያሜው ላይ ነው። አበጋሩ፣ የአገር ሽማግሌውና ሸኹ በአንድ «ባህል» ሥር ሲሰለፉ፣ ሸኹ የሚጠቅሰው ኪታብ ይሰወራል። ኪታቡ ደግሞ ልማድ አይደለም፤ የተጻፈ፣ የተከራከሩበት፣ መዝሀብ የለየለት ዕውቀት ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጀማሪ ደረሳ እጅ የምትገኘው የአቡ ሹጃዕ ትንሽ ኪታብ ስለ ሱልሕ በያዘችው ባብ፣ ዕርቅ በኢቅራር፣ ማለትም ተከሳሹ ካመነ በኋላ፣ በገንዘብና ወደ ገንዘብ በሚያደርስ ጉዳይ እንደሚጸና ትደነግጋለች። ሸራሒዎች «ወደ ገንዘብ የሚያደርስ» የሚለውን ሲያብራሩ፣ የቂሳስ መብት ያለው ሰው ያን መብቱን ትቶ በገንዘብ መታረቁን በምሳሌነት ያነሳሉ። የነወዊ ሚንሃጅም በክህደት ላይ የተመሠረተን ሱልሕ ውድቅ ያደርገዋል። ሐነፊዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን ተከሳሹ ቢክድም ዕርቁ ይጸናል ይላሉ፤ ክርክርን መቁረጥ በራሱ ጥቅም ነውና። ሻፊዒዮች ይህን አይቀበሉም፤ እውነቱ ሳይገለጥ የተሰጠ ካሣ የሰውን ሐቅ ያለ አግባብ መብላት ሊሆን ይችላል ባዮች ናቸው። ዛሬ የሽግግር ፍትሕ ባለሙያዎች «እውነት ይቅደም ወይስ ሰላም?» እያሉ የሚከራከሩበትን ጉዳይ ፉቀሃእ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንስተው፣ አቋማቸውን ለይተው፣ ለደረሳ አስተምረውታል። በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት በጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ላይ በሚደረገው ውይይት ይህ ባብ ቢነበብ ምን ይጎድል ነበር?

ለይፋት ጉዳዩ የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። አል-ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ይፋት ሲጽፍ፣ ሕዝቡ በአብዛኛው ሻፊዒይ መሆኑን መዝግቧል። በዚሁ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በአጣዬ፣ በሸዋሮቢትና በአካባቢያቸው ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ በኅዳር 2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢት ገባ። ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ ማን እንዳቃጠለ ሳይነገር «ተዉት፣ ያለፈው አልፏል» የሚል ሽምግልና ቢደረግ፣ በሻፊዒይ ሚዛን ይህ በኢንካር ላይ የቆመ ሱልሕ ነው። በሌሎቹ መዝሀቦች ሚዛን ሊያልፍ ይችላል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ቤቱ ለተቃጠለበት ገበሬ የዕለት ጉዳይ ነው፤ ክርክሩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛ ሊያስረዳው የሚችለው ደግሞ የአካባቢው ዓሊም ነው።

ወቀሳው ወደ እኛም ይዞራል። ስለ ሰላም ስንጠየቅ የመጀመሪያውን ሂጅራና የነጃሺን ውለታ ጠቅሰን እንቀመጣለን፤ ስብሰባውም በጭብጨባ ያልፋል። የይፋት ታሪክ ግን ከዚህ ይከብዳል። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል የሚተርከው፣ የወላስማዎች ቤት በ1285 እ.ኤ.አ. የመኽዙሚዎችን ሥልጣን እንዴት እንደነጠቀ ነው። ሁለቱም ሙስሊም ነበሩ። የሑጁራት ምዕራፍ 9ኛ አንቀጽም የሚናገረው እርስ በርስ ስለሚዋጉ ሁለት የምእመናን ወገኖች ነው፤ ማስታረቅን ያስቀድማል፣ ወሰን ያለፈውን መግታትን ያስከትላል፣ ከዚያም ዕርቁ በፍትሕ ይሁን ይላል። ይህን ቅደም ተከተል ትተን «መቻቻል» የሚለውን ቃል ብቻ ብናነበንብ፣ ተመራማሪው ወደ ባህል ከረጢቱ ቢከተን ምን ያስገርማል?

ከዚህ የሚብሰው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ሱልሑ በዱዓ ይዘጋል፤ ማን ምን እንዳመነ፣ ዲያው ስንት እንደሆነ፣ እነማን ዋስ እንደሆኑ ግን ብዙ ጊዜ በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ይቀራል፤ ሽማግሌዎቹም ያልፋሉ። ኢንስቲትዩቱ ዐሊሞችን በቃለ መጠይቅ ሰጪነት ሳይሆን በአስተማሪነት ይጋብዝ ስንል፣ ይዘን የምንቀርበው ነገር ሊኖረን ይገባል። የሰንበቴ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን በየሳምንቱ ያገናኛል፤ በዚያ አካባቢ ያለ አንድ መድረሳ የአንድ ዓመት ሱልሖችን በተዋዋዮቹ ፈቃድ፣ ስማቸውን ሰውሮ፣ ኢቅራር የነበረበትንና ያልነበረበትን ለይቶ ቢመዘግብ፣ ለቀጣዩ የዚህ ዓመታዊ መጽሔት ዕትም አንድ ጽሑፍ፣ ለኢንስቲትዩቱም አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።