የዲዛይን ጀማሪዎች ልምምድና የስያሜዎቹ ነገር

የአንድን የሙያ ቃል ትክክለኛነት የምንመዝነው አብዛኛውን ጊዜ ከመጣበት የውጭ ቃል ጋር በማስተያየት ነው። ሁለቱ በፍቺ ከተቀራረቡና የአማርኛው አመሠራረት የሰዋስውን ሕግ ካልጣሰ ስያሜው ሠመረ እንላለን። ይህ አሠራር ለረቂቅ ጽንሰ ሐሳቦች ይበቃ ይሆናል፤ ለእጅ ሥራ ቃላት ግን አይበቃም። የእጅ ሥራ ቃል ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ ሠልጣኙ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ትእዛዝ ይሆናልና። መምህሩ ቃሉን ይናገራል፤ ተማሪው በቃሉ መሠረት እጁን ያንቀሳቅሳል። ቃሉ ስሕተት ካዘለ እጁም ይስታል፤ በቀይ ቀለም የሚታረመው ግን ተማሪው ነው፤ ቃሉን የሚያርመው የለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዲዛይን ትምህርት ጀማሪዎች በቅድሚያ የሚሠሯቸው የሥዕልና የኮላጅ ልምምዶች በአማርኛ የሚጠሩባቸውን ቃላት ነው። መመዘኛችን አንድ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ሲለወጥ ሠልጣኙ ምን ይሠራል? የሚል ነው።

1. የልምምዶቹ ጠባይ

ልምምዶቹ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰጡበት መልክ በአመዛኙ የተቀረፀው በጀርመኑ ባውሃውስ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ተከፈተ፤ በ1925 ወደ ደሳው፣ በ1932 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ በ1933 ተዘጋ። ዮሐነስ ኢተን በዚያ ያቋቋመው «ፎርኩርስ»፣ ማለትም ቅድመ ትምህርት፣ ተማሪው ወደ ሽመናው፣ ወደ እንጨቱ ወይም ወደ ብረቱ ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት በር ነበር። ኢተን ተማሪዎቹን በተቃራኒዎች ያሠለጥናቸው ነበር፤ ብርሃንና ጨለማ፣ ትልቅና ትንሽ፣ ሸካራና ለስላሳ። እርሱ በ1923 ከለቀቀ በኋላ ትምህርቱን ላስሎ ሞሆይ ናጅና ዮዜፍ አልበርስ ያዙት። አልበርስ ለተማሪዎቹ ጋዜጣ እያደለ፣ ወረቀቱን ሳያባክኑ ከነበረው የበለጠ ነገር እንዲያደርጉት ይጠይቅ እንደነበር ተማሪዎቹ መስክረዋል።

እነዚህ ልምምዶች የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ነገር ዋና ዓላማቸው አይደለም። ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን የአሣሣል ልማድ አስጥለው ማየትንና መምረጥን ሊያስተምሩት የታሰቡ ናቸው። እንግዲህ ስያሜያቸው ውጤቱን ሳይሆን ድርጊቱን እንዲያመለክት ግድ ይላል። የአማርኛ አሰያየማችን የሚደናቀፈውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

2. «ንድፍ»

በሥነ ጥበብ መምህራንና ተማሪዎች ዘንድ፣ በእርሳስ ወይም በከሰል የሚሠራው የመስመር ሥዕል «ንድፍ» ይባላል። ይኸው ቃል የሕንፃንም፣ የልብስንም፣ የመኪናንም ውጥን ይሰይማል። በአብዮቱ ዘመን ጽሑፎች በሰፊው የተሠራጨው «ንድፈ ሐሳብ» ደግሞ ቃሉን እስከ ሳይንስና ፖለቲካ አድርሶታል።

«ነደፈ» በግዕዝ መውጋትን የሚያመለክት ግሥ ነው። በአማርኛ ሦስት የታወቁ አገባቦች አሉት፤ ንብ ነደፈችው፣ ጥጥ ነደፈች፣ ቤት ነደፈ። ለጉዳያችን የሚያስተምረው መካከለኛው ነው። ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ይፍታታል፤ የተነደፈው ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ይፈተላል፤ ፈትሉ ይሸመናል። የተነደፈ ጥጥ ገና ልብስ ቀርቶ ክር እንኳ አልሆነም፤ ሊሆን ግን ተዘጋጅቷል። ቃሉ በዚህ አገባቡ ወደፊት ያያል። የሕንፃ ንድፍ ከሕንፃው ይቀድማል፤ ንድፈ ሐሳብም ከተግባር በፊት የሚዘረጋ ነው። ስለዚህ «ንድፍ» ለውጥን ሥራ ሲሰጥ ቋንቋው በራሱ መንገድ ሄዷል፤ በዚህ ነቀፋ የለንም።

ነቀፋችን እፊት ያለን ነገር አይቶ መሣልም «ንድፍ» መባሉ ላይ ነው። መምህሩ «ወንበር ንደፉ» ቢል ሁለት ሥራ አዝዟል። አንዱ ተማሪ እክፍሉ ውስጥ የቆመውን ወንበር እያየ ይሥላል፤ ሌላው ያልነበረ ወንበር ከሐሳቡ ያወጣል። ሁለቱም ቃሉን ታዘዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ያለውን መቀበል ነው፤ ሁለተኛው የሌለውን መውለድ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት የለም፤ የቅድመ ትምህርቱ ግማሽ ተማሪው ያለውን ሳያይ ወደ ፈጠራ እንዳይሮጥ ለመግታት የተዘጋጀ ነውና።

ጣልያኖች «ዲሴኞ» በሚለው ቃል ሁለቱንም ይዘው ኖረዋል ተብሎ ሊመለስልን ይችላል። እውነት ነው፤ ጆርጆ ቫሳሪ በ1568 ባሳተመው ሁለተኛ እትም ዲሴኞን የኪነ ሕንፃ፣ የቅርፃ ቅርፅና የሥዕል አባት አድርጎ ሲገልጸው እጅንና ሐሳብን በአንድ ቃል ማሠሩ ሆን ብሎ ነበር። ነገር ግን ፈረንሳዮች ከዚሁ ምንጭ የወሰዱትን ቃል ውሎ አድሮ በአጻጻፍ ለሁለት ከፍለው አንዱን ለሥዕል፣ ሌላውን ለዕቅድ ሰጡ። እንግሊዝኛም ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት አሉት። ጀርመኖች ደግሞ ለመሣል «ጻይኽኑንግ»፣ መልክ ለመስጠት «ጌሽታልቱንግ» ይላሉ፤ የደሳው ባውሃውስ በስሙ ላይ የጨመረው ሁለተኛውን ነው። ትምህርቱ በተደራጀበት ሁሉ ልዩነቱ ቃል አግኝቷል ማለት ነው።

በአገራችንም ልዩነቱ ቃል መፈለጉ አልቀረም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይባላል። «የሥነ ጥበብና ንድፍ» አልተባለም። «ንድፍ» በመስመር ሥዕል ስለተያዘ «ዲዛይን» ክፍት በሆነው በር ገባ ብለን ብንተረጉመው ከእውነት የራቅን አይመስለንም። በእኛ አስተያየት «ንድፍ» ወደ ባዘቶው ይመለስ፤ ለውጥንና ለዕቅድ ይዋል። አይቶ ለመሥራት «መሣል» እና «የመስመር ሥዕል» ይበቃሉ። ቀለሙ «ቀለም ቅብ» የሚል የራሱ ስም ስላለው የሚፈጠር መደናገር የለም።

3. ዙሪያ፣ ዳሰሳ፣ ክፍተት

አሜሪካዊው መምህር ኪሞን ኒኮላይዲስ በ1938 ከሞተ በኋላ በ1941 በታተመው የሥዕል ትምህርት መጽሐፉ የታወቀ አንድ ልምምድ አለ። ተማሪው ወረቀቱን ሳያይ ዐይኑን በሚሥለው ነገር ላይ ብቻ ያሳርፋል፤ የእርሳሱ ጫፍ የነገሩን አካል እየነካ የሚሄድ መስሎ እስኪሰማው ድረስ በዝግታ ይጓዛል። የውጭው ቃል በቀጥታ ሲተረጎም «የዙሪያ መስመር» ይሆናል፤ በመዝገበ ቃላት ሚዛንም ትክክል ነው። በጠረጴዛው ሚዛን ግን ይወድቃል። «ዙሪያውን ሣሉ» የተባለ ተማሪ ነገሩን እንደ ተቆረጠ ካርቶን ከውጭ ዞሮ ይመለሳል፤ ኒኮላይዲስም አጥብቆ የለየው ይህንኑ ጠፍጣፋ ዳር ከሚዳሰሰው መስመር ነበር።

አማርኛ ለዚህ ድርጊት የተዘጋጀ ግሥ አለው፤ «ዳሰሰ»። በጨለማ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄድ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «እየዳሰሳችሁ ሣሉ» ቢባል ማብራሪያ የሚያስፈልገው ተማሪ አይኖርም። ስለዚህ «ዳሰሳ ሥዕል» የሚለውን እናቀርባለን። «ዳሰሳ» በጥናት መስክ ከላይ ከላይ መመልከትን ለማመልከት መዋሉ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ መስኮች ስለሚራራቁ አንዱ ሌላውን አያውክም።

በነገሮች መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ የመሣል ልምምድም እንዲሁ ነው። የውጭው ስም ቃል በቃል ሲገለበጥ «አሉታዊ ቦታ» ይወጣል። አሉታ በሰዋስው የምናውቀው ነገር ነው፤ «አልመጣም» የሚለው ግሥ አሉታዊ ነው። በወንበር እግሮች መካከል ያለው ስፍራ ግን ምንን ይክዳል? ስያሜው ለሠልጣኙ የሚያዝዘው ነገር የለም። «ክፍተት» ብንል ግን «በእግሮቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ሣሉ» ማለት ይቻላል፤ ተማሪውም ክፍተቶቹን በትክክል ከሣለ ወንበሩ ሳይነካ ተሥሎ ያገኘዋል።

4. ኮላጅ፤ ከማጣበቅ በፊት ያለው

«ኮላጅ» ማጣበቅ ከሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ የወጣ ነው። ብራክ በ1912 የእንጨት መልክ የታተመበትን የግድግዳ ወረቀት በሥዕሉ ላይ ሲያጣብቅ፣ ፒካሶም በዚያው ዓመት የወንበር ሽምን መልክ ያለበትን የሰም ጨርቅ ሲጠቀም፣ አዲሱና የሚያስደነግጠው ነገር በእርግጥ ሙጫው ነበር፤ ባዕድ ቁስ በሥዕል ገጽ ላይ ተለጠፈ። ቃሉ በታሪኩ ላይ ተገቢ ነው። የበርሊን ዳዳዎች ደግሞ ከፎቶግራፍ ቁርጥራጭ ለሚሠሩት «ሞንታዥ» የሚለውን ቃል ሲመርጡ፣ ሥራቸውን ከመካኒክ ገጣጣሚነት ጋር ማዛመዳቸው ነበር። ሁለቱም ስያሜዎች የየራሳቸውን ድርጊት ይዘዋል።

በአማርኛ ለዚህ የቀረቡ ብዙ ግሦች አሉን። «ለጠፈ» «ልጥፍ»ን ይሰጣል፤ ይህ ግን ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ለሚወጣ ጽሑፍ እያገለገለ ነው። «ደረተ» «ድሪቶ»ን ይሰጣል፤ መልኩ ቅርብ ቢሆንም የድህነት ጠረን ስላለው ተማሪው በሥራው እንዲያፍር ያደርገዋል። «ጣፈ» ቀዳዳን መሸፈን ነው፤ ኮላጅ ግን የሚሸፍነው ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ የጥበቡን ዓይነት ለመጥራት «ኮላጅ» እንዳለ ቢቀር አንቃወምም።

ለጀማሪው ልምምድ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አልበርስ በ1963 ባሳተመው የቀለማት ግንኙነት መጽሐፍ በቀለም ቅብ ፋንታ ባለቀለም ወረቀት የመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ወረቀት ቀለም በመቀየጥ ከሚመጣ ድካምና ስሕተት እንደሚያድን፣ አንድን ቀለም ሳይለወጥ ደጋግሞ ለማየት እንደሚያስችል ያመለክታል። ወረቀቱ ይነሣል፤ ይቀመጣል፤ ከሌላ ወረቀት አጠገብ ሲሆን መልኩ ሲለወጥ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሙጫው ሳይከፈት ነው። ሙጫው ሲመጣ ትምህርቱ አልቋል። «ኮላጅ» ግን የሚሰይመው ይህንኑ የመጨረሻ ድርጊት ነው፤ «ለጥፉ» የተባለ ጀማሪም የመጀመሪያውን ቁራጭ ወዲያው ይለጥፋል፤ ሁለተኛውን ለማስማማት ይታገላል፤ በአሥረኛው ገጹን በጌጥ ሞልቶ ያስረክባል። ምርጫ አላደረገም፤ ምርጫ እንዲያደርግም ቃሉ አላዘዘውም።

ስለዚህ ለልምምዱ «ድርደራ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ደርድሩ፤ አንሡ፤ እንደገና ደርድሩ፤ ሲጸና ለጥፉ» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ የትምህርቱ ሥርዓት ሙሉ ነው።

የወረቀቱን አለያየት በሚመለከት አማርኛ ከማንም የሚበደረው የለም። በመቀስ የሚሆነው «መቁረጥ» ነው፤ በእጅ የሚሆነው «መቅደድ»፤ በረጅሙ ሲሆን «መሸርከት»፤ አንድ ጉማጅ ሲወሰድ «መቦጨቅ»፤ ስፌትን ተከትሎ ሲሆን «መተርተር»። እያንዳንዱ የተለየ ጠርዝ ይተዋል። አንድ የውጭ ቃል ይዞ ለሁሉም «መቅደድ» የሚል ተርጓሚ፣ ቋንቋው በነጻ ያቀረበለትን አምስት ልምምድ ወደ አንድ ያወርዳል።

5. የቁስ ገጽ

ሞሆይ ናጅ በ1929 በታተመው መጽሐፉ ሦስት ነገሮችን ይለያል፤ ቁሱ በውስጡ የተሠራበትን አኳኋን፣ በላዩ የሚታየውን የተፈጥሮ ገጽ፣ የሥራ መሣሪያ ወይም እጅ በላዩ የተወውን ምልክት። እኛ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «ሸካራነትና ልስላሴ» በሚል ጥንድ እናልፋቸዋለን። ይህ ጥንድ መጠንን ይገልጻል፤ ምንጭን አይገልጽም። የቆዳ ሸካራነት ከእንስሳው የመጣ ነው፤ የተፋቀ ብራና ልስላሴ ግን የብራና ፋቂው ሥራ ነው። ለመጀመሪያው «ውቅር»፣ ለሁለተኛው «ገጽ»፣ ለሦስተኛው «አሻራ» ብንል ተማሪው «በዚህ ቁራጭ ላይ የማን አሻራ አለ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ መልሱንም በጣቱ ያገኘዋል።

6. ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው፣ ትእዛዝ አንቀጽ የመዝገበ ቃላት መግቢያ አይሆንም የሚል ነው። አይሆንም፤ መፈተኛ ይሆናል። መግቢያው ስም ሆኖ ይቀጥል፤ ከሥሩ ግን ቃሉ ለሠልጣኝ ሲነገር የሚይዘው የትእዛዝ መልክና የሚያስከትለው ድርጊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ዐረፍተ ነገሩ አልጻፍ ካለ ስያሜው ገና አልበሰለም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ተማሪው የሚያነባቸው መጻሕፍት በውጭ ቋንቋ ስለሆኑ የውጭውን ቃል መያዙ ይሻለዋል የሚል ነው። ለንባብ ይሻለዋል። ነገር ግን መምህሩ ጎንበስ ብሎ እርሳስ የያዘውን እጅ ሲያርም የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገው ቃል የመጽሐፉ ቃል አይደለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሙያን ስም ግን መልአክ ሲያወጣው አልታየም። «ብራና ፋቂ»ን ያወጣው ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው ነው፤ «ባዘቶ»ንም ያወጡት ጥጥ የነደፉ እጆች ናቸው። የስያሜ ኮሚቴዎች የሥነ ጥበብን ቃላት ለመወሰን ሲቀመጡ ከመዝገበ ቃላቱ ጎን እርሳስ፣ መቀስና ጥቂት ባለቀለም ወረቀት በጠረጴዛው ላይ እንዲኖር፣ እያንዳንዱ ቃልም ከመጽደቁ በፊት በአባላቱ እጅ እንዲሠራ እናሳስባለን።